ስለ ኮምፒዩተር አነሣሥ ከአንድ ሙከራ የተገኘ ትምህርት

ኮምፒዩተር ሲከፈት ሥራውን በምን እንደሚጀምር ጠይቃችሁ ታውቁ ይሆን? ጠዋት ጠዋት በጦር ኃይሎች የታክሲ ተራ ስናልፍ ተራ አስከባሪውን እናየዋለን። እርሱ መኪና አይነዳም፤ ነገር ግን ተራው የደረሰውን ታክሲ ያሰናብታል፤ ታክሲው ከወጣ በኋላ የሚያገባው ነገር የለም። በኮምፒዩተርም ውስጥ ይህን የመሰለ ቡት ሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ይኸውም ከርነል የተባለውን የኦፐሬቲንግ ሲስተም ዋና ክፍል ፈልጎ አስነሥቶ ዘወር ይላል።

ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት 13ኛው እትም ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጣ። ታላቅ እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበትን ላፕቶፕ ከ12ኛው ወደ 13ኛው እንዳሻሽልላት ጠየቀችኝ፤ እኔም በዚያው ቡት ሎደሩን ልለውጥላት አሰብሁ። «አስቀድሜ በአሮጌው ልሞክረው» ብላት ግን «ለሁለት ሰዓት ሥራ ሁለት ቀን ልታስጠብቀኝ ነው?» ብላ ተቆጣች።

የአሮጌው ማሻሻል በሰላም አለቀ፤ ባትሪው ከሞተ ስለቆየ የፈራሁት መብራት እንዳይሄድ ብቻ ነበር። ችግሩ የመጣው ግራብ የሚባለውን ነባሩን ቡት ሎደር አጥፍቼ ሲስተምድ ቡት የሚባለውን በተካሁ ጊዜ ነው። «ቦታ የለም» የሚል መልእክት በስክሪኑ ላይ ሲያልፍ ልብ አላልሁትም። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ ብከፍተው በዝርዝሩ ውስጥ ሊኑክስ የሚባል የለም!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ግራብ ከርነሉን በሊኑክሱ የዲስክ ክፍል ውስጥ ካለበት ድረስ ሄዶ ያነብበዋል፤ ታክሲዎቹ በየቦታቸው ቆመው ሳለ በጣቱ እንደሚጠራ ተራ አስከባሪ ማለት ነው። ሲስተምድ ቡት ግን ከርነሉና አብሮት የሚጫነው ፋይል እርሱ ወደሚያነብበው ክፍል እንዲመጡለት ይፈልጋል። ይህም ብዙውን ጊዜ ኢኤፍአይ የሚባለው ትንሹ የዲስክ ክፍል ነው። በእኔ ላፕቶፕ ይህ ክፍል 100 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን፥ ከፊሉን የቀድሞው ዊንዶውስ ፋይሎች ይዘውታል። በጠባብ ግቢ አውቶቡስ ማስገባት ሆነብኝ።

ደቢያን ካለበት ፍላሽ ተነሥቼ፥ በዲስኩ ወዳለው ሲስተም ገብቼ ግራብን መልሼ ጫንሁት። ፋይሎቹ አንዳቸውም አልተነኩም፤ የጠፋው አስነሺው እንጂ ዲስኩ አልነበረምና። አስቀድሜ «ዲኤፍ» በሚባለው ትእዛዝ ባዶውን ቦታ ለክቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባልደረሰብኝ ነበር።

የእህቴን ላፕቶፕ ብመለከት የእርሷም ክፍል 100 ሜጋባይት ነው። ጽሑፏን በሌላ ፍላሽ ገልብጬ ወደ 13ኛው እትም አሻሻልሁላት፤ ግራብን ግን አልነካሁትም። አሮጌውን በክረምቱ ዕረፍት ክፍሉን አስፍቼ እንደ ገና እሞክረዋለሁ።