ኮምፒዩተሩ ሲጠይቅ፦ 12 ወይስ 21?

ቢታ ገነት ላይ የቡና መጋዘን ሊያሠራ ያሰበ ነጋዴ አለ እንበል። ፕላኑን በኦቶካድ የሚያወጣለት ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ከሶፍትዌሩ ጋር በመጣው ኦቶሊስፕ በተባለ ቋንቋ አነስተኛ ፕሮግራም ጽፏል። ፕሮግራሙ ርዝመትና ወርድ ጠይቆ ይስላል፤ የሚያስፈልገውንም ቆርቆሮ ያሰላል።

የሚጠይቀው «ጌትሪያል» በተባለ ትእዛዝ ነው። ባለሙያው ቁጥር ሳይጽፍ «ኢንተር»ን ቢጫን ባዶ መልስ ይገባና ስሌቱ እዚያው ይቆማል። ለመከላከያ ከጥያቄው በፊት «ኢኒትጌት 7» ይጻፋል። 7 የ1፣ የ2 እና የ4 ድምር ሲሆን፣ 1 ባዶን፣ 2 ዜሮን፣ 4 ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር ይከለክላል። ጥበቃው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ስለሆነ ለወርዱም መደገም አለበት፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው።

ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ግን ሌላ ነው። 20 በ12 ሜትር የሆነ መጋዘን 240 ካሬ ሜትር ነው። 12 ተገልብጦ 21 ተብሎ ቢጻፍ 420 ይሆናል። 21 ደህና ቁጥር ነውና ኢኒትጌት ዝም ይላል። ነጋዴው ለ180 ካሬ ሜትር የማያስፈልገውን ቆርቆሮ ከቦንጋ ያስጭናል።

መላው፣ ፕሮግራሙ ከመሳሉ በፊት ስፋቱን አሳይቶ «ልክ ነው?» ብሎ በ«ጌትኬወርድ» እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ይህ ትእዛዝ በኢኒትጌት ከተዘረዘሩለት ቃላት ሌላ ቃል አይቀበልም። «አዎ» የሚለውን መልስ ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ራሱ ስክሪኑን አይቶ ቢሰጥ ይመረጣል።