ዝምታ እርካታ አይደለም፦ አመራር፣ ተጠያቂነትና የአገልግሎት ጥራት በእድር

እድር በሐዘን ጊዜ የሚደርስ የመረዳጃ ማኅበር ነው። አገር ቤት ድንኳን ተክሎ፣ ወንበርና ድስት አውጥቶ፣ ገንዘብ ሰጥቶ ሐዘንተኛውን ይደግፋል። ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞችም ሥር ሰዷል። ብዙዎቻችን ወላጆቻችን አባል ስለሆኑበት እናውቀዋለን፤ ነገ ደግሞ "እናንተ ተምራችኋል፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሁኑ" መባላችን አይቀርም። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ስለ አመራር፣ ስለ ተጠያቂነትና ስለ አገልግሎት ጥራት የምንማረውን በእድር ላይ እንየው።

1. እድር ከሌላ አገልግሎት በምን ይለያል?

የአንድ ምግብ ቤት ምግብ ካልጣፈጠን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቤት እንሄዳለን። ባለቤቱም ወንበሩ ባዶ ሲሆን ይገባዋል። እድር ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። አባሉ ለዓመታት መዋጮ ይከፍላል፤ አገልግሎቱን የሚያየው ግን ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። የሞተው አባሉ ራሱ ከሆነ ጨርሶ አያየውም። ቤተሰቡ ደግሞ ሐዘን ላይ ነው። ገንዘቡ ቢዘገይ ወይም ስልክ የሚያነሳ ሰው ቢጠፋ እንኳ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ "ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ስለ ገንዘብ ይከራከራሉ" እንዳይባል ዝም ይላል።

ስለዚህ አመራሩ "ቅሬታ ያቀረበ የለም" ብሎ ሪፖርት ቢያደርግ አገልግሎቱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። "ዝም አይነቅዝም" ይባላል፤ በእድር ውስጥ ግን ዝምታም ይነቅዛል። ቅሬታ የማይሰማበት ማኅበር ጥራቱን ራሱ ፈልጎ ማወቅ አለበት። ተጠያቂነት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

2. ጥራትን በምን እንለካለን?

ፓራሱራማን፣ ዛይታምልና ቤሪ የተባሉ ምሁራን በ1988 እ.ኤ.አ. ሰርቭኳል የተባለ መለኪያ አሳትመዋል። መለኪያው ተገልጋዩ የጠበቀውንና አገኘሁ የሚለውን በ5 መስፈርቶች ያነጻጽራል። ወደ እድር ስናመጣቸው እንዲህ ይሆናሉ፦

• ቃልን መጠበቅ፦ ደንቡ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ሳይጎድል፣ በተባለው ጊዜ ይደርሳል?
• ፈጥኖ መድረስ፦ ሞት በሌሊት ቢከሰት ስልኩን የሚያነሳው ማነው?
• ማስተማመን፦ ኃላፊዎቹ ሥራውን ያውቁታል? አስከሬን ወደ አገር ቤት ሲላክ ከቀብር አገልግሎት ድርጅቱ፣ ከሞት የምስክር ወረቀትና ከኤምባሲው ጋር የተያያዘውን ሁሉ ሐዘንተኛው በዚያ ሰዓት ሊማረው አይችልም።
• የሰውን ሁኔታ መረዳት፦ ዘመድ የሌለው ብቸኛ አባልና ትልቅ ቤተሰብ ያለው አባል የሚፈልጉት እርዳታ አንድ አይደለም።
• የሚታይ ነገር፦ አዳራሹ፣ ዕቃው፣ የአባላት መዝገቡ በሥርዓት ተይዟል?

ከአምስቱ ለእድር የሚቀድመው ቃልን መጠበቅ ነው። ሐዘንተኛ ሁለተኛ ዕድል የለውም፤ ቀብሩ የሚፈጸመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

3. ተጠያቂነት አለመተማመን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ተቃውሞ "ወንድማማቾች ነን፤ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር ነው" የሚል ነው። "የማይተማመን ባልንጀራ በየወንዙ ይማማላል" የሚለውን ተረት የሚጠቅሱም አሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሒሳብ የሚጠየቀው ሰው ሲጠረጠር ብቻ ከሆነ ጥያቄው ስድብ ይሆናል። ደንቡ ሁሉም ገንዘብ ያዥ በየሦስት ወሩ ሪፖርት ያቅርብ ካለ ግን ማንም አልተጠረጠረም፤ መማማልም አያስፈልግም።

ለዚህ የሚረዱ ቀላል አሠራሮች አሉ፦

• ከባንክ ገንዘብ በሁለት ፊርማ ብቻ ይውጣ።
• ተቆጣጣሪ ኮሚቴውን ጠቅላላ ጉባኤው ይምረጥ፤ ሥራ አስፈጻሚው የራሱን ተቆጣጣሪ መሾም የለበትም።
• ሪፖርቱ ገቢና ወጪን ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱንም ያሳይ፦ ስንት ሐዘን ደረሰ? ክፍያው በስንት ቀን ተፈጸመ?
• ከለቅሶው ሁለት ወይም ሦስት ወር በኋላ ከአመራሩ ውጭ የሆነ አባል ቤተሰቡን "ምን ጎደለ?" ብሎ ይጠይቅ።

የመጨረሻው ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ ዝምታውን የሚሰብረው ግን እሱ ነው።

ሕግም የራሱ ጥያቄ አለው። በአሜሪካ ከግብር ነፃ የሆነና ዓመታዊ ገቢው አብዛኛውን ጊዜ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበር፣ ፎርም 990-ኤን የሚባለውን አጭር የኤሌክትሮኒክ መግለጫ በየዓመቱ ለአይአርኤስ ማቅረብ ይበቃዋል። በተከታታይ 3 ዓመት ካላቀረበ ግን ከግብር ነፃ የመሆን መብቱ ወዲያው ይሰረዛል። ማንም ሳይሰርቅ፣ ጸሐፊው ስለረሳ ብቻ ማኅበር ሊጎዳ ይችላል።

4. አመራር

የእድር መሪዎች ከሥራቸውና ከእንቅልፋቸው ቀንሰው በነፃ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነፃ አገልግሎት ግን ከጥያቄ ነፃ አያደርግም፤ አባሉ የከፈለው ገንዘብም የተገባለት ቃልም እውነተኛ ነውና። ደግሞም ግልጽ አሠራር መጀመሪያ የሚጠቅመው መሪውን ነው። ሐሜት ሲነሳ የሚከላከልለት የተጻፈ ሒሳብ እንጂ መልካም ስሙ ብቻ አይደለም።

የጥሩ መሪ ትልቁ ምልክት ማኅበሩ ያለ እሱ መሥራቱ ነው። የአባላት ዝርዝር፣ የባንክ ወረቀትና የስልክ ቁጥሮች በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ካሉ፣ ያ ሰው የታመመ ቀን እድሩም ይታመማል። የሥራ ዘመን ገደብ፣ ምክትል ማሠልጠንና በጽሑፍ ርክክብ ማድረግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እኛ ተማሪዎችም ዛሬውኑ ልናግዝ የምንችለው እዚህ ላይ ነው፦ መዝገቡን በኮምፒውተር በማደራጀት፣ ደንቡን በአማርኛና በእንግሊዝኛ በማዘጋጀት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ወላጆቻችሁ አባል የሆኑበት እድር የመጨረሻውን የሒሳብ ሪፖርት ያቀረበው መቼ ነው? ከየት ማግኘት ይቻላል?
2. ከአምስቱ መስፈርቶች የእናንተ ማኅበር በየትኛው ይደክማል? እንዴት አወቃችሁ?
3. ሐዘንተኛን ሳናሳዝን ስለ አገልግሎቱ ለመጠየቅ ተገቢው ጊዜና ሰው የትኛው ነው?
4. የኛ የተማሪዎች ማኅበር ራሱ በእነዚህ መለኪያዎች ቢመዘን ስንት ያገኛል?