የሯጭ ልብ ለምን ዝግ ብሎ ይመታል?

አዘውትሮ የሚሮጥ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ የልብ ምቱ በደቂቃ 50 ብቻ ሆኖ ቢገኝ፣ ልቡ ደክሟል ማለት ነውን? መልሱን በቀላል ስሌት እንፈልግ።

ዐርፎ የተቀመጠ ጎልማሳ ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ስፖርት የማያዘወትር ሰው ልብ በአንድ ምት የሚረጨው 70 ሚሊ ሊትር ገደማ በመሆኑ፣ 71 ጊዜ ያህል መምታት ግድ ይሆንበታል። ለዓመታት በሮጠ ሰው ግን የልብ የግራ ታችኛው ክፍል ይሰፋል፤ የደሙም መጠን ይጨምራል። ይህ ልብ በአንድ ምት 100 ሚሊ ሊትር ከረጨ 50 ምት ይበቃዋል።

ከፍተኛው የልብ ምት በልምምድ እምብዛም አይለወጥም። ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ የሚገኘው ቁጥር አማካይ ግምት ነው፤ ለ20 ዓመት ተማሪ 200 ቢሰጥም፣ የተማሪው እውነተኛ ልክ ከዚህ በ10 ምት ወይም ከዚያ በላይ ሊርቅ ይችላልና እንደ ሕግ ባንይዘው እንመርጣለን።

የምንሮጥበት ቦታ ከፍታም ምቱን ይለውጣል። ከአዳማ መጥቶ እንጦጦ ላይ የሚሮጥ ሰው በለመደው ፍጥነት ምቱ ቢያሻቅብ አይደንግጥ፤ ደሙ የሚሸከመው ኦክስጅን ስለሚያንስ ልብ ጉድለቱን በምት ብዛት ያካክሳል።

የራሳችንን ምት ለማወቅ ማለዳ ከአልጋ ሳንነሣ ሁለት ጣቶቻችንን በእጅ አንጓ ላይ አሳርፈን (አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል) ለ30 ሰከንድ ቆጥረን በ2 እናባዛለን። ዝግ ያለው ምት ከማዞር ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ ግን በሩጫ ማመካኘቱ ቀርቶ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።