በአንድ መርፌ የሚድን በሽታ ለምን ተመልሶ ይመጣል?

ክረምት ሲገባ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሰዎች ይጠጋጋሉ። አንድ በረንዳ ሥር አምስት ስድስት ሆነው ይተኛሉ፤ ያለቻቸውን ልብስ ሁሉ ይደራርባሉ፤ አንዷን ማዳበሪያ ለሦስት ይለብሳሉ። ብርዱን የሚከላከሉት በዚህ ነው። ግርሻ የሚባለው ትኩሳትም የሚዛመተው በዚሁ ነው። ቤት ለሌለው ሰው ሕክምና መስጠት ለምን እንደሚያስቸግር ይህ በሽታ ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳየን ዛሬ እሱን እናጠናለን።

ሀ) በሽታውና መንገዱ

ግርሻን የሚያመጣው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው የልብስ ቅማል ሲሆን፣ ቅማሉ የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። ሰው ገላውን ሲያክ ወይም ቅማሉን ሲደፈጥጥ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ይገባል። ደግሞም ቅማል ትኩሳት የበዛበትን ገላ ትቶ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። ተጠጋግተው ለሚተኙ ሰዎች ይህ የስንዝር መንገድ ነው።

ትኩሳቱ በድንገት ይነሳል፤ ያንቀጠቅጣል፤ ራስና መገጣጠሚያ ያማል። ከአምስት ስድስት ቀን በኋላ ሲለቀው በሽተኛው «ተሻለኝ» ይላል። ሳምንት ያህል ቆይቶ ያገረሻል፤ ስሙም የመጣው ከዚህ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ካልታከሙት መቶ ሰዎች ከ10 እስከ 40 የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ። በጊዜ ከታከሙት ግን የሚሞቱት ጥቂቶች ናቸው።

ለ) ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም። አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ይበቃል። ችግሩ ያለው ከመድኃኒቱ በፊትና ከመድኃኒቱ በኋላ ነው።

1ኛ/ መታየት። ትኩሳት የጣለው ሰው መንገድ ዳር ተጋድሞ ሲታይ «ሰክሮ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

2ኛ/ ወረቀት። የነፃ ሕክምና ማስረጃ የሚጻፈው ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ነው። እዚያ የሚታወቀው ግን የቤት ቁጥርና መታወቂያ ያለው ነዋሪ ነው።

3ኛ/ አስታማሚ። መድኃኒቱ በተሰጠ በአንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ሊነሳ፣ ትኩሳቱም ሊጨምር ይችላል፤ ቀጥሎ የደም ግፊት ይወርዳል። ስለዚህ በሽተኛው አንድ ቀን ያህል ተኝቶ መጠበቅ አለበት። ቤት ያለውን ሰው እናቱ ወይም ጎረቤቱ ስንቅ ይዛ ታስታምመዋለች። የበረንዳ አዳሪውን ማን ያስታምመው? መርፌውን ተወግቶ ወዲያው ቢሰናበት፣ ያ መንቀጥቀጥ የሚይዘው ጎዳና ላይ ነው።

4ኛ/ ልብስ። ዋናው ይህ ነው። ድኖ ሲወጣ የሚለብሰው ያንኑ ልብስ፣ የሚተኛውም በዚያው በረንዳ ከሆነ፣ ሕክምናው በሽታውን አባረረ እንጂ ቤቱን አላፈረሰም።

ሐ) ከቱኒስ የተገኘ ትምህርት

ሻርል ኒኮል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ከተማ ሲሠራ፣ በቅማል ስለሚተላለፈው ሌላው በሽታ ስለ ተስቦ አንድ ነገር አስተዋለ። በሽተኞች እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ በሽታውን ለሌላ ሰው ያስተላልፋሉ፤ ልብሳቸውን የሚቀበሉና የሚያጥቡ ሠራተኞችም ይታመማሉ። ገላቸውን ታጥበው የሆስፒታል ልብስ ከለበሱ በኋላ ግን አልጋ ለአልጋ ቢቀራረቡም ማንም አይያዝም። ኒኮል በ1909 እ.ኤ.አ. አስተላላፊው ቅማል መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ፤ በ1928 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚህ የምንማረው ለእንዲህ ዓይነቱ በሽተኛ የገላ መታጠቢያና ንጹሕ ልብስ ራሳቸው የሕክምናው ክፍል መሆናቸውን ነው። ጤና ጣቢያ እነዚህን ካላሟላ፣ ያው ሰው በወሩ ተመልሶ ቢመጣ ሊደንቀን አይገባም።

መ) የመምህሩ ድርሻ

በአገራችን «ቅማላም» ስድብ ነው። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን፣ ግርሻ በወረርሽኝ መልክ የተነሳው በወታደሮቹ መካከል ነበር። ቅማል የኑሮ መጨናነቅ ምልክት እንጂ የሰው ጠባይ አይደለም። እጩ መምህራን ነገ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ጎዳና የሚያድር ልጅ ሊኖር ይችላል። ያ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ከተዋረደ በሽታውን ይደብቃል፤ ከትምህርትም ይቀራል። ለብቻው አነጋግሩት፤ ትኩሳት ካለው ሳትውሉ ሳታድሩ ራሳችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ቅያሪ ልብስ ፈልጉለት፤ የነበረው በፈላ ውሃ ይታጠብ።

ለውይይት፦
1. በተቋማችን አካባቢ የሚያድሩ ሰዎች ገላቸውን የሚታጠቡት የት ነው?
2. አስታማሚ የሌለውን በሽተኛ ለአንድ ሌሊት ማን ሊጠብቀው ይችላል? እኛስ?