ጸሎቴ የት ገባ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአንድ የፍልሰታ ጾም ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት እጄን ያዝ አደረጉና «ዲያቆን ልጄ፣ ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ሱባዔ እየያዝኩ እለምናለሁ። ከቤት የወጣው ልጄም አልመጣ፣ ሰላሙም አልመጣ። ኧረ ጸሎቴ የት ገባ?» አሉኝ።

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በእመቤታችን የጽንሰቷ በዓል ዕለት፣ በዚህችው ከተማ ብዙ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ፍኖተ ሰላም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ታዲያ በሰላም መንገድ ላይ ቆመን ሰላምን ስንለምን መልሱ ለምን ዘገየ? እኔም ያን ዕለት የምመልሰው ጠፍቶኝ ዝም ብዬ አብሬያቸው ቆምኩ።

ቤት ሄጄ ሳስብ ግን የተማሪነት ዘመኔ ትዝ አለኝ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ስማር አኮፋዳዬን አንግቼ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ቁራሽ እለምን ነበር። አንድ ደጅ ላይ ውሻው ይጮኽብኛል፤ የቤቱ እናትም «ዛሬስ የለም፣ እግዜር ይስጥህ» ይሉኛል። በነጋታው ተመልሼ እዚያው እቆማለሁ። የት እሄዳለሁ? አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ቀረሁ። በማግስቱ ብሄድ እኒያ እናት «ትናንት ምነው ቀረህ? ድርሻህን አስቀምጬልህ ነበር እኮ» አሉኝ። ለካ የቀረሁት በተቀመጠልኝ ቀን ኖሯል!

ጌታችንም ሳይታክቱ ስለ መጸለይ ሲያስተምር ያችን መበለት ምሳሌ ያደረገው ለዚህ ነው (ሉቃ. 18፥1-8)። ሰውን የማያፍር ዳኛ እንኳ ከፈረደላት፣ የሚወደን አባታችንማ እንዴት ይረሳናል?

የምንጾመው ጾም ራሱ ይህንኑ ያስተምረናል። ቅዱሳን ሐዋርያት የእመቤታችንን ሥጋ ለማግኘት ሁለት ሱባዔ ያዙ፤ በዐሥራ አራተኛው ቀን ተሰጣቸው። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን «በቃ፣ አልሰማንም» ብለው ቢበተኑስ ኖሮ?

ከእኛ ብዙም በማይርቀው በሰከላ ግሽ ዓባይ አለ። ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ለእስር ሲወሰዱ የጸሎት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ምንጭ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ቢጠይቁ ውኃው አንዱንም ሳያረጥብ መለሰላቸው ብለው አባቶች ይተርካሉ። ወገኖቼ፣ ውኃ እንኳ በፈጣሪው ትእዛዝ አደራ ከጠበቀ፣ ፈጣሪ ራሱ እንባችሁን ይጥለዋልን?

ይህን ስል ግን የለመንነው ሁሉ እኛ በፈለግነው መልክ ይሰጠናል ማለቴ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልራቀም፤ የሚያስችል ጸጋ ግን ተሰጠው (2ቆሮ. 12፥7-9)። መልሱ አንዳንድ ጊዜ የምንችልበት ኃይል ነው።

እንግዲህ ልባችን ሲዝል ምን እናድርግ?

1ኛ. ትንሽ ይሁን፣ አይቋረጥ። ሙሉ ዳዊት ማድረስ ቢያቅታችሁ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሱ፤ ማንበብ የማይችልም አቡነ ዘበሰማያት ይድገም። ብዙ ተስሎ በሦስተኛው ቀን ከመተው ጥቂት ይዞ መሰንበት ይሻላል።

2ኛ. ሐዘናችሁን ከእግዚአብሔር አትደብቁ። 87ኛው መዝሙር በጩኸት ጀምሮ በሐዘን ያልቃል፤ ግን ጸሎት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ታነበዋለች። «ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል» ማለትም ጸሎት ነው።

3ኛ. ብቻችሁን አትሁኑ። የእናንተ አንደበት ሲተሳሰር በሰዓታቱና በቅዳሴው የሌላው አንደበት ይሸከማችኋል። ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ።

እኒያ እናት ዛሬም ይመጣሉ። ነጠላቸውን ተከናንበው ከቅጽሩ ዛፍ ሥር ይቆማሉ። አንዳንድ ቀን ከንፈራቸው እንኳ አይንቀሳቀስም። ልጃቸው ገና አልተመለሰም። ነገር ግን ከደጁ አልተለዩም፤ እኔም ያን መቆማቸውን ጸሎት እለዋለሁ። ድርሻቸውም እንደተቀመጠላቸው አምናለሁ።

እናንተስ? ትናንት ቀርታችሁ ከሆነ ዛሬ ተመለሱ። ደጁ ክፍት ነው።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የጻድቁ አባታችን የአቡነ ዘርዓ ብሩክ በረከት አይለየን፤ ለሀገራችንም ሰላሙን ያምጣልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።