አንደበትን ስለሚገዛ ሕግና ስለ ቤተ እስራኤል

በሸርቆሌ በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማቱ ሲነበብ የሰማ አንድ የቆሎ ተማሪ፣ «ጌታን የሰቀሉት አይሁድ እነዚያ በጎንደር የነበሩት ፈላሾች ናቸውን?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው የልጅ ቢመስልም ዕዳችንን አስታወሰን።

ቤተ እስራኤል («ፈላሻ» መባልን ራሳቸው አይወዱትም) በወለቃ፣ በአምቦበርና በስሜን ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ፣ ሰንበትን እያከበሩ ኖረዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ ታዘዘ ተብሎ በትውፊት ይነገራል። ርስት ያጣ ሰው ምን ይሠራል? ብረት ቀጠቀጠ፤ ሸክላ ሠራ፤ ሸማ ሸመነ። ገበሬው በእርሱ ማረሻ አርሶ፣ ባለቤቲቱም በእርሱ ድስት ወጥ ሠርታ፣ መልሰው «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» አሉት። ልጅ በታመመ ቍጥር ጣት ወደ ቀጥቃጩ ቤት ይቀሰራል። ከእኛም ወገን ሐሰቱን እያወቀ ዝም ያለ ብዙ ነው፤ ስለ ቡዳ ክታብ ጽፎ የሸጠም አልጠፋም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጢሰኝነትን አስቀረ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ሐሜቱ ግን ከእነርሱ ጋር አልሄደም።

ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሃይማኖት ወይም በብሔር ምክንያት በሰው ላይ ጥላቻን የሚያሠራጨውን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። ሕጉ ዐውደ ምሕረትን ያስራል ብለው የሚሠጉ ወንድሞች አሉ። አዋጁ ግን የሃይማኖት ትምህርት አካል የሆነውን ንግግር ከጥላቻ ንግግር አይቈጥረውም። እንግዲህ ዳኛ የማይጠይቀንን ቃል ማን ይጠይቀናል? ሕጉን የምንደግፈው ሌላውን ስለሚያስር ብቻ አይደለም፤ እኛን በመተው የበለጠ ስለሚያስገድደን ነው።

በሸርቆሌ ሙስሊሞች ይበዛሉ፤ እኛ ጥቂቶች ነን። ጥቂት ሆኖ መኖር ምን እንደ ሆነ እናውቀዋለን። በዚሁ ክልል በመተከል በ2013 ዓ.ም. ሰው በወገኑ እየተለየ ሲገደልም አይተናል፤ ከሰይፉ በፊት ቃል ይቀድማል።

ለተማሪው እንዲህ መለስንለት፤ እመቤታችንም ሐዋርያትም ከአይሁድ ወገን ናቸው፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛው ምዕራፍ የአባት በደል በልጅ እንደማይቈጠር ያስተምራል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በ11ኛው ምዕራፍ፣ በወይራው ላይ የተተከልነው እኛ በሥሩ ላይ እንዳንኰራ ያስጠነቅቀናል። ከንባቡ በፊት ይህን ለሕዝቡ መናገር ጀምረናል።

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «በአገሬ ያለችው ሸክላ ሠሪስ? እናቴ ፊቷን ሸፍና ነው የምታልፋት» አለን። ስለ እርሷ ደግሞ በሚመጣው እሑድ እንናገራለን አልነው።