ዋቅላሚ በኩሬ ውሃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና መከላከያው

ለልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በሐረሪ ክልል እንደ ሶፊ ባሉ የገጠር ወረዳዎች በኩሬ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በበጋ ለከብትም ለጓሮ አትክልትም ትልቅ ሀብት ነው። ውሃው እየጎደለና እየሞቀ ሲሄድ ግን አረንጓዴ ይሆናል። ይህም ዋቅላሚ ወይም አልጌ የሚባለው ነገር በመራባቱ ነው። ገበሬው ገፎ ቢያወጣውም ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። ምግቡ እስካልተቋረጠ ድረስ መግፈፍ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

መንስኤው

ዋቅላሚ ብርሃን፣ ሙቀትና ምግብ ይሻል። ዋና ምግቦቹ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ናቸው። እነዚህም ከፍግ፣ ከከብት ሽንትና ከማዳበሪያ ይመጣሉ። በተለይ ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ፣ ጎርፍ ከማሽላውና ከጫቱ ማሳ አፈር ጠርጎ ወደ ኩሬው ባስገባ ቁጥር ለዋቅላሚው ቀለብ ያቀብላል። የአፈር መከላት የሚያስከትለውን ጉዳት ከሐሮማያ ሐይቅ መማር ይቻላል። ለብዙ ዓመታት ሐረርን ያጠጣው ይህ ሐይቅ በደለል መሞላትና ከመጠን በላይ በፓምፕ በመሳብ ምክንያት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደርቆ ነበር።

ዓይነቱን መለየት

1. ክር መሳይ፦ በእንጨት ሲነሣ ተጠምጥሞ ይወጣል። ውሃ መሳቢያ ይዘጋል እንጂ ብዙውን ጊዜ መርዛማ አይደለም።
2. ሰማያዊ አረንጓዴ፦ በእርግጥ የባክቴሪያ ዓይነት ነው። የፈሰሰ ቀለም ይመስላል፤ በእንጨት አይነሣም። በጠርሙስ ተቀድቶ ሲያድር ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በቆቃ ሐይቅ የታየው ማይክሮሲስቲስ ከዚህ ወገን ነው። መርዙ ጉበት ስለሚጎዳ ከብት ሊገድል ይችላል።

መወሰድ ያለበት እርምጃ

1. ኩሬውን ማጠርና ከብቱን ከኩሬው በታች በተሠራ ገንዳ ማጠጣት፤
2. በጎርፉ መግቢያ የደለል ማጠራቀሚያ ጉድጓድ መቆፈር፣ ከዚያም በላይ ሣር መትከል፤
3. ማዳበሪያን በአፈር መሸፈን፤ ከባድ ዝናብ ሲያሰጋ አለመበተን፤
4. ክር መሳዩን በመንሽ አውጥቶ ለብስባሽ ማዋል። የሚከመረው ከኩሬው በታች ይሁን፤ ከላይ ከተከመረ ዝናቡ መልሶ ያስገባዋል፤
5. ኩሬው ሲደርቅ ደለሉን ጠርጎ ወደ ማሳ መመለስ።

ሥራው ከአንድ ገበሬ አቅም በላይ ነው። ከላይ ያለው ማሳ ሳይስተካከል የታችኛው ኩሬ አይጠራምና ማኅበራት ሥራውን በጋራ እንዲያቅዱ እንመክራለን።

ማሳሰቢያ

ሰማያዊ አረንጓዴው ከታየ ሰውም ከብትም ከውሃው እንዳይጠጣ አድርጉ። ማፍላት መርዙን አያጠፋም። ሰማያዊ ድንጋይ የሚባለውን የመዳብ ጨው መጨመርም አንመክርም፤ ዋቅላሚው በአንድ ጊዜ ሲሞት መርዙን በውሃው ውስጥ ይለቃል፤ መዳቡ ራሱም ለበግ አደገኛ ነው።